የፋናዬ ማዋያ

ፀሐይ ስትጠልቅ ታች አምባ ይነጋል።

መጀመሪያ መዝጊያዎች ይንቀሳቀሳሉ። በዐለት ውስጥ የተፈለፈሉት ቤቶች ቀኑን ሙሉ አፍነው ያቆዩትን ቅዝቃዜ ወደ ደጅ ይተነፍሳሉ። ከዚያ ልጆች ይወጣሉ፤ ከልጆቹ ኋላ በአንገታቸው ላይ ትንንሽ መብራት የታሰረላቸው ፍየሎች። ከፍየሎቹ ኋላ ትልልቅ ሰዎች፣ ዓይናቸውን እያሹ፣ ወደ ሽንኩርት ማሳ ይዘውት የሚወርዱትን የግንባር መብራት እያበሩና እያጠፉ።

«እንዴት ዋላችሁ?»

«ተመስገን። እናንተስ እንዴት ዋላችሁ?»

ይህ ሰላምታ በዚህ ሰዓት ደጋውም ቆላውም የሚለዋወጠው ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ ሰዓቱም እንደ ድሮው ነው። የተለወጠው የሚጠየቀው ነገር ብቻ ነው። በደጋ ከተሞች ስለ ሥራ ይጠየቃል፤ በታች አምባ ስለ እንቅልፍ። ጎሕ ሲቀድም እንዲሁ ነው፤ «እንዴት አደራችሁ?» የሚባባሉት ሰዎች ስለ ሌሊቱ ሥራ ተጠያይቀው ወደየአልጋቸው ይሄዳሉ።

ወይዘሮ ፋናዬ የማዋያ ባለቤት ናት። በሌላ አገር መሽቶበት ደጅ የቆመ ሰው ማደሪያ ይሰጠዋል። በታች አምባ ግን የቀን ፀሐይ ስለምትገድል ሰው የሚፈራው መንጋቱን ነው። ፀሐይ መንገድ ላይ የደረሰችበት ሰው፣ ሐዲድ ጠጋኝ ይሁን ግመል ነጂ፣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን በር ይመታና «ነጋብኝ» ይላል። ከዚህ ሌላ ምንም መናገር አይጠበቅበትም። ማነህ፣ ከየት ነህ አይባልም፤ መልሱ እስኪያልቅ ፀሐይ አትጠብቅም። አብዛኛው ሰው የሚመታው የፋናዬን በር ነው፤ ለባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው፣ በላዩም ላይ በትልልቅ ፊደል «ማዋያ» ተብሎ ተቀርጿል።

ቤቱን የፈለፈሉት እሷና ሟች ባሏ ናቸው። የግራው ግድግዳ የእሱን መሮ አሻራ ይዟል፤ የቀኙ የእሷን። የእሷ ጠለቅ ይላል። ባሏ በሕይወት ሳለ «ለእኔ የደረሰኝ ዐለቱ የጠነከረበት ወገን ነው» ይል ነበር። እሷም «አዎ» ትለው ነበር፤ ሁልጊዜ፣ ሳትስቅ።

በማዋያው አንድ ሕግ አለ፤ በታች አምባም ሁሉ የሚሠራ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ቤት እንኳ ቢቃጠል በቀስታ ነው የሚነገረው እየተባለ ይቀለዳል። ቀልዱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

የዚያን ዕለት ማታ ግን ገበያው አልተከፈተም። ማሳም የወረደ የለም። ሕዝቡ ሁሉ ከጣቢያው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ተቀምጦ ባቡሩን ይጠብቃል፤ ባቡሩ ነዋሪ የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ቆጣሪውን፣ ያመጣልና።

የሰው ልጅ የሚኖርበትን ምድር የሚያሳየው ካርታ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። ሰው ያለበት አረንጓዴ ነው፤ ሰው የሌለበት አመድማ። ሰው ወደ ደጋ ወጥቶ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደራርብ አመድማው እየሰፋ፣ ቆላው ተራ በተራ ጠፍ እየተባለ መጥቷል። ጠፍ በተባለ ቦታ ባቡር አይቆምም። ውሃውን ከጥልቅ የሚያወጣው ሞተር ይጠፋል። ነዋሪዎቹም፣ ካርታው የሉም ቢላቸውም፣ በአክብሮት ተጓጉዘው ደጋ ላይ አልጋ ይሰጣቸዋል።

የፋናዬ አልጋ ከወዲሁ ተመድቧል። ምስሉን ልከውላታል፤ ንጹሕ አልጋ፣ ንጹሕ መስኮት፣ በመስኮቱ ማዶ የሌላ ሰው መስኮት። «ግድግዳው ከምን የተሠራ ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። የመለሰላት የለም።

ባለፈው ጊዜ ይቆጠር የነበረው ጣሪያ ነው፤ ያን ጊዜ ታች አምባ ጣሪያ ነበረው። አዲሱ ደንብ የሚቆጥረው እንቅልፍ ነው። ደንቡን የጻፉት ደገኞች ናቸው፤ የጻፉትም ቋንቋቸውን አምነው ነው። ሰው የሚኖረው በሚያድርበት አይደለምን? ስለዚህ እንዲህ አሉ፦ «ቋሚ ነዋሪ ማለት ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ያለ መድኃኒት ተኝቶ ሌሊቱን በስፍራው ያደረ ማንኛውም ሰው ነው።» ነቅቶ የተገኘ አይቆጠርም። በእነሱ አገር ሌሊት ነቅቶ የሚገኝ ሰው ወይ መንገደኛ ነው፣ ወይ ዘበኛ፣ ወይ ሌባ።

በታች አምባ ደግሞ ማሳው፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሠርጉ፣ ጠቡም ዕርቁም በሌሊት ነው። እዚህ ማንም አያድርም። ሁሉም ይውላል።

ደንቡ አንድ ቸርነት ነበረው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ካደረ ቦታው ጠፍ አይባልም።

ወሬው እንደተሰማ የታች አምባው ሊቀመንበር አቶ ቡልቻ ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። ቡልቻ ሽንኩርት አምራች ነው፤ ሹክ ሲል እንኳ ማዶ ይሰማል።

«እንግዲህ አንድ ሌሊት የሚተኛ ሰው ይፈለጋል» አለ። «አንድ! ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ሰነፍ ይጥፋ?»

«አባ ቦጋለ አሉ አይደል?» አለች ሐዋ፣ የግመል ወተት ነጋዴዋ። «በልጄ ሠርግ ከበሮው ሥር ተኝተው አልነበር እንዴ? ኋላ ከበሮውን ሲያነሡት ተከፉ።»

ሳቅ ሆነ። አባ ቦጋለ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ተቀምጠው ይተኛሉ፤ ቆመው ይተኛሉ፤ አንድ ጊዜ ሰው ሲያስታርቁ ሁለቱንም ወገን ሲያዳምጡ ተኝተዋል፤ ባለጉዳዮቹ እሳቸውን ላለመቀስቀስ ብለው ታርቀዋል። ሁሉም ወደ እሳቸው ሲዞር ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

«ለአገሬ እተኛለሁ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋባቸው።

ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ቡልቻ ፋናዬን ወደ ዳር ሳብ አደረጋት።

«እትዬ ፋናዬ፣ ቆጣሪው አንቺ ጋ ይቀመጣል፤ አባም አንቺ ጋ ይተኛሉ። ከሁሉ ጸጥ ያለው ያንቺ ቤት ነው። ይዞት የሚመጣውን ሰውዬ ግን ጣቢያው ያለው ፉርጎ ውስጥ እናደርገዋለን።»

«ፉርጎው ገና እንደ ምድጃ ይፋጃል።»

«ይፋጅ! ሊያጠፋን ለመጣ ሰው አልጋ እናንጥፍ?»

«እኔ እስከ ዛሬ በሬ ላይ የቆመን ሰው ለምን መጣህ ብዬው አላውቅም» አለች ፋናዬ።

«አባን ቢረብሻቸውስ?»

«ከበሮ ያልረበሻቸውን ሰው?»

«እትዬ ፋናዬ፣ እባክሽ!»

«ቡልቻ፣ ስማኝ። ከዚህ ቤት የምወጣ ከሆነ እወጣለሁ። እንግዳ ደጅ አቁሜ ግን አልወጣም።»

ባቡሩ ቆመ። የወረደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ጫማው አቧራ የማያውቅ፣ የሳሙና ሳጥን የሚያህለውን ቆጣሪ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ የያዘ።

«ናሁሠናይ እባላለሁ» አለ። «ከካርታው መሥሪያ ቤት።»

«እንዴት ዋሉ?» አለችው ፋናዬ።

«ፋታ አጥቼ ዋልኩ፤ እዚህም እዚያም ስል።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እንቅልፉን እዚህም እዚያም እያለ የሚተኛ ሰው አይተው አያውቁም። ናሁሠናይ የሳቁበት ነገር አልገባውም፤ ግን አብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ፉርጎውን ፈለገ። እስከ ዛሬ በሄደበት ሁሉ ያደረው ፉርጎ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ቆጣሪውን በበር ተቀብለው በሩን በፊቱ ይዘጉታል። አንድ ቦታ ላይ አመድ በትነውበታል።

«በዚህ በኩል ነው» አለችው ፋናዬ። «ይግቡ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

«ደንቡ…» ብሎ ቆመ። እንደ ማሰብ አለ። «ደንቡ ስለዚህ ምንም አይልም። ይግቡ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ይህን ከደንቡ ፈልጌ አላውቅም።»

ገብቶ ቆጣሪውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ቆጣሪው ሌሊቱን እዚያው ሆኖ የታች አምባን ትንፋሽ ሁሉ ያዳምጣል፤ ነገ ማታም ባቡር ላይ ሲሳፈር ቆጠራው ይዘጋል። ፋናዬ ውሃ ቀዳችለት፤ ሰሌን በሩ አጠገብ አነጠፈችለት፤ የቤቱንም ሕግ ነገረችው።

«ቤት ቢቃጠልም?» አለ ናሁሠናይ።

«በቀስታ እንነግርዎታለን።»

ጥግ ላይ ካለው ምርጥ አልጋ ላይ አባ ቦጋለ ተጋድመዋል። ሁለት ቀን እንቅልፍ ሳይቀምሱ ነው የመጡት። ድንች በልተዋል፤ ያስተኛል ተብሎ። ሐዋ ያመጣችውን የሞቀ የግመል ወተት ጠጥተዋል። ደጅ ሕዝቡ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል፤ የፍየሎቹ ቃጭል ሣር ተጎስጉሶበታል፤ ልጆች በእጅ ምልክት ይጣላሉ።

«አባ፣ ምን እያሰቡ ነው?» አለች ፋናዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንዳልተኛሁ።»

«እሱን ይተዉት።»

«ተውኩት። መተዌን ሳስብ ግን ትዝ ይለኛል።»

መዝጊያው ስንጥቅ አለ። የቡልቻ ጭንቅላት ገባ።

«ተኙ?»

«አልተኛሁም!»

ጭንቅላቱ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ።

«አሁንስ?»

«አንተ ልጅ፣ ከዚህ በኋላ አንዴ ብትጠይቀኝ ተነሥቼ ማሳዬን እኮተኩታለሁ!»

ናሁሠናይ ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። የቤቱ ቅዝቃዜ እንደ ንጹሕ አንሶላ ነው። በሚኖርበት ግንብ ከላይ የሰው እርምጃ፣ ከታች የሰው ሳል፣ ከጎን የሰው ሬድዮ ይሰማል፤ እዚህ ግን ግድግዳው ሁሉን ውጦ ዝም ብሏል።

«ወይዘሮ ፋናዬ» አለ፣ «ይህን ግድግዳ ማን…»

ጥያቄውን አልጨረሰውም። ጎኑ ላይ ጋደም አለ፤ ጉንጩ ሰሌኑን ሲነካ ዓይኑም አብሮ ተከደነ።

ፋናዬ ጋቢ አምጥታ አለበሰችው። ይህን ጊዜ ቡልቻ እንደገና በመዝጊያው ስንጥቅ አየ።

«እሱ ጭራሽ ተኛ? ቀስቅሽው እንጂ! የአባን ልፋት ተነሥቶ ይይ!»

«የተኛ ሰው አይነካም።»

«ሕጉ የቀን ነው እኮ፣ እትዬ ፋናዬ!»

«እንቅልፍ እንቅልፍ ነው» አለችና መዝጊያውን ገፋችው።

ምሥራቁ ነጣ ሲል ቆጣሪው አንድ ጊዜ ጮኸ። ናሁሠናይ ብድግ አለና መደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ፋናዬ መዝጊያውን ከፍታ ነበር፤ የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ጀርባው ላይ አርፏል።

«አንድ» አለ። «ቋሚ ነዋሪ፣ አንድ።»

እልልታው ዐለቱን አናጋው። ቡልቻ ሮጦ ገብቶ አባ ቦጋለን ከነአልጋ ልብሳቸው አንሥቶ ወጣ። ሐዋ ወተቱን በወጪ ወራጁ ላይ ረጨችው። ልጆች «አባ ተኙ! አባ ተኙ!» እያሉ ይዘላሉ።

«አውርዱኝ!» አሉ አባ ቦጋለ። «አውርዱኝ ነው የምላችሁ! አልተኛሁም!»

«ዝም ይበሉ አባ፤ ደክሞዎት ነው» አለ ቡልቻ ሹክ ብሎ። ሁሉም ሰማ።

«ዓይኔን አልከደንኩም! ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ ያለውን የመሮ ምልክት ስቆጥር ነው ያደርኩት። የፋናዬ ይበዛል።»

እልልታው እንደ መብራት ጠፋ። ቡልቻ ሽማግሌውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አቆማቸው።

«ታዲያ ማነው የተኛው?»

በታች አምባ ሌሊት ተኛህ መባል ስድብ ነው። ቡልቻ በግንባሩ መብራት የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አበራ።

«እኔን ምን ታበራብኛለህ?» አለች ሐዋ። «ሌሊት ስተኛ አይተኸኝ ታውቃለህ? የተኛ ሰው ከፈለግህ ወንድምህን ጠይቅ!»

«እኔ? ኧረ በልጆቼ!» አለ ወንድምየው።

ፋናዬ ከመዝጊያው አልራቀችም። መደርደሪያው አጠገብ የቆመውን ሰው ታያለች። በቀኝ ጉንጩ ላይ ቀይ መስመር በቀይ መስመር ላይ እየተላለፈ ተጠልፏል፤ ሰሌን ሠሪው እንኳ እንዲህ አጥርቶ አልሠራውም።

«ጌታዬ» አለች።

«ወይዘሮ?»

«ፊትዎ ላይ ሰሌን አለ።»

ናሁሠናይ ጉንጩን ዳሰሰ። ጣቱ መስመሩን ተከትሎ ሄደ፤ ተመለሰ። ቆጣሪውን አየ፤ ጋቢውን አየ፤ ሕዝቡን አየ። ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«ለአካለ መጠን የደረሰ» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ያለ መድኃኒት። ማንኛውም ሰው…» ራሱን ነቀነቀ። «ስህተት ነው። የታች አምባ ብቸኛ ነዋሪ እኔ ልሆን አልችልም። ቁጥሩ እንዲሰረዝ ለካርታው መሥሪያ ቤት ቅሬታ መቅረብ አለበት።»

የቡልቻ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። «ቅሬታውን የሚያቀርበው ማነው?»

«ነዋሪው ነው። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በዚሁ ቆጣሪ ላይ። ከነዋሪው በቀር ማንም ማቅረብ አይችልም።»

«ነዋሪውስ ማነው?»

ናሁሠናይ ሕዝቡን ሊያስረዳ ከመዝጊያው ወጣ።

ከተራራው ጫፍ የፀሐይ ጠርዝ ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ወደየመዝጊያው ተበተነ፤ እናቶች ልጆቻቸውን፣ ልጆች ፍየሎቻቸውን እየጎተቱ ገቡ። ደጁ ባዶ ሆነ። ናሁሠናይ ብቻውን ከመዝጊያው ውጭ ቀርቷል። ብርሃኑ ተዳፋቱን እየወረደ ወደ ጫማው ይመጣል። ወደ ጣቢያው ፉርጎ አየ። ወደ ፋናዬ አየ።

«ወይዘሮ ፋናዬ» አለ። «ነጋብኝ።»

እሷም መዝጊያውን እስከ ግድግዳው ከፈተችው።

ውስጥ፣ ምርጡን አልጋ ሰጠችው። ሌሊቱን ተኝቶም ገና እንቅልፍ ይጎትተዋል፤ የዓመታት ዕዳ ያለበት ሰው ይመስላል። ጫማውን አወለቀ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

«ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይቀሰቅሱኛል?» አለ። «ቅሬታውን እንዳቀርብ።»

ፋናዬ ማሰሮውን እየከደነች ነበር። እጅዋ ክዳኑ ላይ ቆመ። እንግዳ የለመናትን ነገር እምቢ ብላ አታውቅም። ግድግዳውን አየች፤ የግራውን፣ ከዚያም የቀኙን። ሸንግላ «እሺ» ማለት ትችል ነበር። ያን ደግሞ ሠርታው አታውቅም።

«አይሆንም፣ ጌታዬ» አለች። «ነውር ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የተኛ ሰው አንቀሰቅስም። ከፈለጉ አይተኙ፤ ውሃ እያቀበልኩ አብሬዎት እቀመጣለሁ። ከተኙ ግን አልነካዎትም።»

«ማታ ነግረውኛል» አለ ናሁሠናይ።

«ነግሬዎታለሁ።»

«እንግዲያስ ሳላውቅ ነው አልልም።»

ከዚያ ጋደም አለ፤ ጋቢውንም እስከ ጆሮው ሳበው።

በዚያን ቀን በታች አምባ ከአንድ ሰው በቀር ዓይኑን የከደነ አልነበረም። ቡልቻ ቤቶቹን በውስጥ በሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ እየዳኸ መጣ።

«ተኛ?»

«ተኛ።»

«ከባድ ነው ወይስ ቀላል?»

«ስማው።»

ሰሙት። ከባድ ነበር። ከቡልቻ ኋላ ሐዋ መጣች፤ ከሐዋ ኋላ ወንድምየው፤ በመጨረሻ አባ ቦጋለ፣ በቅናት እያዩ። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። አንድ ጊዜ ናሁሠናይ ተገላበጠ፤ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። አንድ ጊዜ የሐዋ አፍንጫ ማስነጠስ ጀመረው፤ ቡልቻ በሁለት እጁ አፈነላት፤ እስከ መጨረሻው ይቅር አላለችውም። ፋናዬ የቆመችው በሰዉና በአልጋው መካከል ነው። ማንም እንዳይቀሰቅሰው ነበር የምትጠብቀው፤ ግን መዝጊያውንም አላፈነችውም፤ መብራቱንም አላጠፋችም፤ ራሱ ቢነቃ ይንቃ እንጂ እንቅልፉን ሆን ብላ ልታረዝምበት አልፈለገችም።

በመዝጊያው ስንጥቅ የሚገባው የብርሃን ክር ወለሉን አቋርጦ ግድግዳ ላይ ወጣ። ቀላ። ጠፋ።

ባቡሩ መጣ፤ ቆመ፤ ጥሩንባውን ነፋ። ጥቂት ጠበቀ። ሄደ።

የመጨረሻው ፉርጎ ድምፅ ሲርቅ ናሁሠናይ ተነሥቶ ተቀመጠ። ፀጉሩ በአንድ ወገን ቆሟል።

«ባቡሩ ነው?»

«ነበር» አለች ፋናዬ።

«ቅሬታውስ?»

«ከፀሐይዋ ጋር ጠለቀ።»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ሁሉም ጠበቀው። ከእጁ ሥር የመጣው ድምፅ መጀመሪያ ሳል መሰለ፤ ቆይቶ ነው ሳቅ መሆኑ የታወቀው።

«እንዴት ዋልክ?» አለችው ፋናዬ።

እርስዎ አላለችውም። እሷም ያስተዋለችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። በታች አምባ እርስዎ የሚባለው ሽማግሌና እንግዳ ነው፤ እሱ ደግሞ በካርታው መሠረት ከአገሩ ሰው ሁሉ ይልቅ የአገሩ ሰው ነው።

ናሁሠናይ ጥያቄውን አሰበበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅ የኖረው ነው፤ አሁን ግን ስለ ምን እንደሚጠየቅ ገባው።

«ደህና ዋልኩ፣ እትዬ ፋናዬ» አለ። «በጣም ደህና ዋልኩ። እናንተስ እንዴት ዋላችሁ?»

«እኛማ መች ዋልን!» አለ ቡልቻ። ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ማዛጋት ነበር። ማዛጋቱ ከእሱ ወደ ሐዋ፣ ከሐዋ ወደ ወንድምየው ሄደ፤ በመዝጊያው ወጥቶ ደጅ ለደጅ ተዳረሰ። ቡልቻ ግድግዳውን ተደግፎ እንደተቀመጠ ወደ ጎን አዘነበለ። «አንድ አፍታ ብቻ…» አለ። ሐዋ ማዶ ያለው አልጋ ላይ ጋደም አለች። አባ ቦጋለ ወለሉ ላይ ተዘረጉ።

«አሁን ለማንም ብዬ አይደለም» አሉ፤ ከቃላቸው ማንኮራፋታቸው ቀደመ።

ፋናዬ ከሁሉ የኋለኛዋ ነበረች። ከአንድ ቀንና ከአንድ ሌሊት በላይ ቆማለች። የባሏን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ጀርባዋ የመሮውን ጎድጓዳ አገኘው።

«ፍየሎቹ…» አለች። «ፍየሎቹን የሚያይ…»

ናሁሠናይ ጋቢውን አንሥቶ አለበሳት። ጫማውን አጥልቆ ደጅ ወጣ። ታች አምባ ጸጥ ብሏል። መዝጊያዎቹ ተከፍተዋል፤ ሰው የለም፤ ከየቤቱ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። በተዳፋቱ ላይ ትንንሽ መብራቶች ያለ እረኛ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ጥቂቶቹ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ መውረድ ጀምረዋል። ናሁሠናይ መንገደኛ አልነበረም፤ ባቡሩ ሄዷል። ሌባም አልነበረም። የቀረው አንድ ነው፤ ዘበኛ። ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ አስቀመጠና መብራቶቹን ተከትሎ ሮጠ።

መደርደሪያው ላይ ቆጣሪው ማንም ሳይዘጋው ማዳመጡን ቀጠለ።

ጎሕ ሲቀድ ያነቃት የቆጣሪው ጩኸት ነው። ፋናዬ ብርድ ብርድ ያላትን ትከሻዋን በጋቢው ሸፍና ተነሣች። ሌሊት ተኝታ ጠዋት ከተነሣች ስንት ዘመኗ ነው? ቡልቻ ያንኮራፋል፤ አባ ቦጋለ ያንኮራፋሉ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር አየች፤ ዓይኗን አሽታ ደግማ አየችው። ለአካለ መጠን የደረሰ የታች አምባ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር፤ ከአንድ ሰው በቀር።

መዝጊያው ጋ ወጣች። ናሁሠናይ በባዶ እግሩ ተዳፋቱን እየወጣ ነበር፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ በብብቱ አንዲት ግልገል፣ ከኋላው መብራታቸው የደከመ ፍየሎች ተሰልፈው።

«እንዴት አደርክ?» አለችው።

በደጋ ቢሆን ስለ እንቅልፉ ነበር የሚመልሰው።

«ፍየል ስጠብቅ» አለ፣ ግልገሏን እያወረደ። ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆመ። ወደ ቤቱ ውስጥ አጮልቆ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዷ ግን የአቶ ቡልቻን ሽንኩርት እስከ ሥሩ በልታዋለች። አሁን ልንገረው?»

ፋናዬ ተራራውን አየች። ፀሐይ ልትወጣ ነው።

«ተኝቷል» አለች። «በል ግባ።»